ፊደል መቁጠርና ፊደል መጻፍ፦ በሲያትል ለሕፃናት የሚሰጠው የእጅ ጽሕፈት ትምህርት ሲመረመር

ስለ ኢትዮጵያ ፊደል ብዙ ተጽፏል። ስለ አመጣጡ፣ ከሳባውያን ጽሕፈት ጋር ስላለው ዝምድና፣ ስለ ሞክሼ ሆሄያቱ፣ ይሻሻል ወይስ አይሻሻል ስለሚለው ጉዳይ ሊቃውንት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ እምብዛም ያልተነሣ፣ ሲሰሙት ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሕፃን ልጅ ፊደልን በእጁ መጻፍ የሚማረው እንዴት ነው? የሚለው ነው። አገር ቤት ሳለን ይህ ጥያቄ አያሳስበንም ነበር። በስደት በምንኖርባት በሲያትል ከተማ ግን መልስ የሚሻ፣ መልሱም ከዘገየ ጊዜው የሚያልፍበት ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል።

በሲያትልና በአካባቢዋ፣ በተለይም በሬኒየር ሸለቆና ከዚያ ወደ ደቡብ ባሉት መንደሮች፣ በርካታ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ይኖራሉ። የከተማይቱ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ከሚልኳቸው ማስታወቂያዎች መካከል በአማርኛ የሚታተሙ አሉ። ቅዳሜና እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽና በየማኅበሩ ክፍል ልጆች ተሰብስበው አማርኛ ይማራሉ። አስተማሪዎቹ ወላጆች፣ ዲያቆናትና ወጣቶች ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ሰንብተው የዕረፍት ቀናቸውን ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንሰነዝረው ሂስ እነርሱን አይመለከትም። የሚመለከተው በእጃቸው የያዙትን መሣሪያ ነው፤ ማለትም የፊደል ገበታውን፣ ከገበታው የተቀዳውን የመለማመጃ ወረቀትና ከሁለቱም ጀርባ ያለውን አስተሳሰብ።

ልጆቹ በደብተራቸው ላይ የሚሠሩትን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ፊደልን ይሥሉታል እንጂ አይጽፉትም። «በ»ን እንውሰድ። አንዱ ልጅ ከግራው እግር ግርጌ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣና በጣራው ዞሮ ይወርዳል። ሌላው መጀመሪያ ጣራውን ያሰምርና ሁለቱን እግሮች ኋላ ይሰካበታል። ሦስተኛው የሆሄውን ዙሪያ በቀጭን መስመር ከከበበ በኋላ ውስጡን በእርሳስ ያጠቁረዋል። ሥራው ሲያልቅ ሦስቱም «በ» ናቸው፤ አስተማሪውም ሦስቱንም «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። ልዩነቱ የሚገለጠው ልጆቹ ቃል፣ ከዚያም ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ሲታዘዙ ነው። አምስት ቃላት ለመጻፍ ሩብ ሰዓት የሚፈጅበት ልጅ ስድስተኛውን ለመጻፍ ልቡ አይነሣሣም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ቀስ እያለ ማንበብ ይችል ይሆናል፤ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ማርቆስ ላለችው አያቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ግን አይችልም። ለአክስቱ ልጆች በስልክ የሚልከውን አማርኛም በላቲን ፊደላት ይጽፈዋል። ፊደሉን በአንገት ሐብል ላይ ወይም በቲሸርት ላይ ሲያየው ያውቀዋል፤ ደስም ይለዋል፤ ግን ጌጡ እንጂ መሣሪያው አይደለም።

የችግሩ ሥር ከሲያትል ይርቃል። በባህላችን ማንበብና መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ። ልጅ ፊደል ቆጠረ ይባላል፤ ፊደል ጻፈ ማለት የተለመደ አልነበረም። በፊደል ቤት ተማሪው በእጁ የሚይዘው ብዕር ሳይሆን ስንደዶ ነበር፤ በስንደዶው ሆሄያቱን እያመለከተ በዜማ ይቆጥራል። የኔታም ልጁ ሆሄውን ለይቶ ሳይሆን በቃሉ ወርዶለት እየቆጠረ መሆኑን ስለሚያውቁ አቡጊዳን ያመጡበታል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲል ቅደም ተከተሉ ስለሚናጋ ዓይኑን መጠቀም ግድ ይሆንበታል። ይህ ረቂቅ የማስተማር ጥበብ ነው፤ ዘመናዊ መምህራን ብልኃቱን ባያጤኑት ያሳዝናል። ጥበቡ ግን ለዓይንና ለአፍ የታሰበ ነበር። እጅ አልገባበትም። ፊደለ ሐዋርያን ጨርሶ ዳዊት የደገመ፣ ይሁንና ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው በየአጥቢያው ይገኝ ነበር።

መጻፍ የቁም ጸሐፊው ድርሻ ነበር። ብራና መዳመጥ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መቃ መቅረጽ፣ መስመር ማስመር፣ ከዚያም ሆሄውን በሥርዐቱ ማቆም ዓመታት የሚፈጅ ሙያ ሲሆን ከጌታው አጠገብ ተቀምጦ እጁን በማየት የሚወረስ ነበር። ከሙያው ጋር ክብር ብቻ ሳይሆን ጥርጣሬም ተያይዞ መጥቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለሙያዎችን በሙያቸው መስደብ ሲከለክሉ፣ ሸማኔውና ብረት ሠሪው ከሚሰደቡበት ስም ጎን ጸሐፊው ጠንቋይ እየተባለ መሰደቡንም ጠቅሰዋል። ለልጁ ንባብን የሚመኝ ወላጅ ጽሕፈትን የማይመኝበት ጊዜ እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ደብተርና እርሳስ መጡ፤ የእጅ ጽሕፈትም ነጥብ የሚሰጥበት ትምህርት ሆነ። ነገር ግን የቁም ጸሐፊው ዕውቀት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሆሄ ከየት ተጀምሮ በየት በኩል አልፎ የት እንደሚያልቅ የሚገልጸው ሥርዐት፣ ወደ አንደኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ አልተሻገረም። ለእንግሊዝኛው ፊደል በአራት መስመር የተሰመረ ደብተርና የእጅ አካሄዱ ተዘጋጅቶ ሲመጣ፣ ለእኛው ፊደል «ከሰሌዳው ገልብጡ» የሚለው ትእዛዝ ይበቃል ተብሎ ታለፈ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙት የፊደል ገበታ ለንባብ ያበረከተውን አገልግሎት ማንም አይክደውም፤ በዚያ ገበታ ያልቆጠረ የእኛ ትውልድ ተማሪ ጥቂት ነው። ገበታው ግን እንዲነበብ እንጂ እንዲገለበጥ የተሠራ አይደለም። የኅትመት ሆሄያቱ ወፍራምና ቀጭን መስመሮች የመቃ ብዕር ትዝታ ናቸው፤ መቃው ሲዞር የሚወፍረውና የሚቀጥነው መስመር በእርሳስ ጫፍ አይገኝም። ከላይ የጠቀስነው ሦስተኛው ልጅ ዙሪያውን ከብቦ ያጠቆረው ለዚህ ነው፤ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል።

ታዲያ እኛ በዚሁ ገበታ ተምረን እንዴት መጻፍ ቻልን? የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ አስተያየት መልሱ ያለው በገበታው ላይ ሳይሆን በአካባቢያችን ነበር። መምህሩ በየቀኑ ለሰዓታት ከፊታችን ቆሞ በጠመኔ ይጽፍ ነበር። አባት ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ራፖር ጸሐፊው በፍርድ ቤት በር ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ባለሱቁ የዱቤ መዝገቡን ሲሞላ እናይ ነበር። ማንም ሳያስተምረን የእጅን እንቅስቃሴ በዓይናችን ጠጣነው። የሲያትል ልጅ ያጣው ይህን ነው። እናቱ ለእኅቷ የምትጽፈው በስልክ ነው፤ የማኅበሩ ማስታወቂያ በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የቅዳሜው አስተማሪም ወረቀቱን አባዝቶ ያድላል። ልጁ የተጻፈ ፊደል ሞልቶለት ሳለ ፊደል ሲጻፍ አይቶ አያውቅም። አገር ቤት አካባቢው ሳይታወቅ ሲሸፍነው የኖረ የትምህርት ጉድለት እዚህ ራቁቱን የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው የቦታው አጋጣሚ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ሆሄያት ሥርዐት ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ የተካተተው «ኒያላ» የተሰኘው የፊደል ቅርጽም የመጣው ከዋሽንግተን ሐይቅ ማዶ፣ ሬድመንድ ከሚገኘው ከማይክሮሶፍት ነው። ይህ ታላቅ አገልግሎት ነው፤ እኛም በዚሁ እንጠቀማለን። ሆኖም ብዙዎቹ የመተየቢያ ዘዴዎች ልጁን በላቲን ድምፅ እንዲያስብ ያደርጉታል፤ እርሱ የላቲኑን ሁለት ቁልፎች ሲነካ ማሽኑ «ለ»ን ያወጣለታል። ፊደሉ ከልጁ እጅ የሚወጣ ሳይሆን ለልጁ የሚደርሰው ውጤት ይሆናል። አንድ አዋቂ በዚህ መንገድ ቢጽፍ ጉዳት የለውም፤ ሆሄውን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ገና በመማር ላይ ያለው ሕፃን ግን ያው ጎዶሎ ዕውቀቱ ይዘልቅበታል።

ማሽንን ካነሣን ዘንድ የጽሕፈት መኪናውን ታሪክ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ አባቶች የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ ከሁሉ አስቀድሞ የገጠማቸው እንቅፋት የሆሄያቱ ብዛት ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው የሆሄውን አካል በአንድ ቁልፍ፣ የድምፅ ምልክቱን በሌላ ቁልፍ መምታት ነበር። መልኩ አላማረም፤ ቀለበቱ ከእግሩ ተነጥሎ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ የታየበት የመንግሥት ደብዳቤ ሞልቷል። አብርሃም ደሞዝ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት የገመገሟቸው የፊደል ማሻሻያ ጥረቶችም በዚህ ዘመን ውስጥ ያለፉ ናቸው። ማሻሻያውን የሚደግፉ ወገኖች የሆሄው ብዛት ሕፃናትን ያስቸግራል ሲሉ ይደመጣሉ፤ ከጭንቀቱ ክፍል ቀላል የማይባለው ግን የማሽኑ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። የሚገርመው፣ ማሽኑ የተገደደበት ሕግ፣ ይኸውም ሆሄ አካልና ምልክት መሆኑ፣ ለሕፃኑ እስከ ዛሬ ሳይነገረው መቅረቱ ነው። እርሱ 231 ሥዕሎች እንዲያጠና ይጠየቃል።

ወደ ጥናቱ ዓለም ስንመለስ፣ መልሱን ፍለጋ ከከተማችን መውጣት አላስፈለገንም። በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ቨርጂኒያ በርኒንገር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሥራ፣ የእጅ ጽሕፈት ያስቸገራቸውን የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በልዩ ልዩ ዘዴ አስተምረው ውጤቱን አነጻጽረዋል። የተሻለ ሆኖ የተገኘው ዘዴ ቀላል ነው፤ ልጁ የእጅ አካሄዱ በቁጥርና በቀስት የተመለከተበትን ፊደል ያያል፣ ከዚያ ፊደሉ ይሸፈናል፣ ልጁም ከትዝታው ይጽፈዋል። በዚህ የሠለጠኑት ልጆች የጻፉት ፊደል ብቻ አልነበረም የተሻሻለው፤ ድርሰታቸውም ጭምር እንጂ። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ካሪን ጄምስና ላውራ ኤንግልሃርት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት ደግሞ ገና ማንበብ ያልጀመሩ ልጆችን በሦስት መንገድ አሠልጥኗል፤ ፊደሉን በነፃ እጅ በመጻፍ፣ በመተየብና የተሠመረውን በመከተል። ኋላ ፊደሎቹን ሲያዩ ለንባብ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ይበልጥ የሠራው በነፃ እጅ በጻፉት ላይ ነው። መተየብም ሆነ የተሠመረውን መከተል ይህን ውጤት አላስገኙም።

እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በላቲን ፊደል ላይ ነውና ሳይመረመሩ ወደ እኛው ይዛወሩ አንልም። ነገር ግን በቅዳሜ ትምህርት ቤቶቻችን የሚታደለው ወረቀት ምን ይመስላል? ከኮምፒዩተር የወጣ የኅትመት ሆሄ በነጠብጣብ ተሠርቶ፣ ልጁ ነጠብጣቡን ተከትሎ እንዲያገናኝ የተዘጋጀ ነው። ቀስት የለበትም፤ ቁጥር የለበትም፤ ሸፍኖ መጻፍም አይታዘዝበትም። ጥናቱ ደካማ ያለውን መንገድ መርጠን፣ የተሻለ ያለውን ትተናል ማለት ነው።

ከአሜሪካው ትምህርት ቤት የሚመጣውም እጅ እንደ ቀድሞው አይደለም። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 የተቀበለው የጋራ የትምህርት መለኪያ በመዋዕለ ሕፃናትና በአንደኛ ክፍል የተነጣጠለውን ፊደል መጻፍ ያዛል፤ ስለ ተያያዥ ጽሕፈት ምንም አይልም፤ አራተኛ ክፍል ላይ በአንድ መቀመጫ አንድ ገጽ መተየብን ይጠይቃል። ካሊፎርኒያ ሐሳቧን ለውጣ ከ2024 ጀምሮ ተያያዥ ጽሕፈት እንዲመለስ በሕግ ደንግጋለች። የእኛ ፊደል በትምህርት ቤት ተያያዥ መልክ የለውምና ይህ ክርክር በቀጥታ አይነካንም። የሚነካን፣ ልጁ ቅዳሜ ዕለት ይዞ የሚመጣው እጅ በሳምንቱ ውስጥ ያልሠለጠነ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነቅፎ መተው ስለማይገባ ያየነውን እንጠቁማለን። ወደ «በ» እንመለስ። ልጁ በመጀመሪያ ግራውን እግር ከላይ ወደ ታች ያውርድ፤ ቀጥሎ ከግራው እግር ራስ ተነሥቶ ጣራውንና ቀኙን እግር በአንድ ጉዞ ይጨርስ። ይህን ካደረገ እርሳሱ ያረፈው በቀኙ እግር ግርጌ ነው። የ«ቢ» ምልክትና የ«ቤ» ቀለበት የሚጀምሩት ከዚያው ነጥብ ነው፤ እጁን ማንሣት አያስፈልገውም። ለ«ባ» ያንኑ እግር ወደ ታች ያስረዝመዋል። ለ«ቡ» ብቻ ወደ እግሩ ወገብ ተመልሶ አጭር ሠረዝ ያወጣል። ለ«ቦ» የሚረዝመው ግራው እግር ስለሆነ ልጁ ከመነሻው ማሰብ አለበት። ይህ አንድ ጊዜ ከገባው «ሰ»፣ «ለ»፣ «ከ» እና «ዘ» በአመዛኙ በዚሁ ይመራሉ፤ «ሎ» በአናቱ ላይ ቀለበት መያዙን የመሰለው ልዩነት በየቦታው ይነገረዋል። ከግርጌ ሽቅብ የጻፈው ልጅም ቀኝ እግሩ ላይ ይደርሳል፤ ነገር ግን ዛሬ ከግርጌ፣ ነገ ከጣራ ስለሚጀምር እጁ የሚያስታውሰው መንገድ የለውም።

ከዚህ የሚከተለው፣ የጽሕፈት ቅደም ተከተል ከንባቡ መለየት እንዳለበት ነው። ሁለት እግር ያላቸው አንድ ቤተሰብ ናቸው። «ቀ»፣ «ተ»፣ «ነ» አንድ እግር አላቸው፤ ራብዕ ላይ እግራቸው ወደ ግራ ይታጠፋል። «ሐ» እና «ጠ» ሦስት እግር አላቸው። «ወ»፣ «ዐ» እና «መ» ክቦች ናቸው። «ረ» እና «ፈ» በአመል የተለዩ ስለሆኑ ወደ መጨረሻ ቢቆዩ ይሻላል። «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ዠ» ለብቻቸው የሚጠኑ ሥዕሎች አይደሉም፤ እናቶቻቸው ላይ አንድ ጭረት ማከል ነው። ሞክሼዎቹን በተመለከተ ሊቃውንቱ ያወጡላቸውን ስም መጠቀም ይበጃል፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እየተባለ የተነገረው ልጅ ስሙንና ቅርጹን አያይዞ ይይዛል፤ በየትኛው ቃል የትኛው ይገባል የሚለውን ጣጣ ለኋላ ማቆየት ይቻላል።

የሀሁ ሥርዐት ከአባቶች የወረስነው ስለሆነ ሊነካ አይገባም የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። ማንም አይነካውም፤ ገበታው በግድግዳው ላይ ይሰቀል፣ ልጆቹም በዜማ ይቁጠሩት። አባቶች ራሳቸው ለንባብ ፈተና ሲሉ አቡጊዳን ከሀሁ ጎን አቁመዋል፤ ለእጅ ሲባል ሦስተኛ ቅደም ተከተል ቢጨመር ከእነርሱ ልማድ መውጣት አይደለም። ሌሎች ደግሞ አንድ ወጥ የእጅ አካሄድ መደንገግ የእጅ ጽሕፈትን ልዩ ልዩ ጠባይ ያጠፋል ይላሉ። የሚያምረው የየሰው እጅ የሚወጣው መንገዱ ከታወቀ በኋላ ነው፤ የቁም ጸሐፊዎቻችን ሥራ ከዘመን ዘመን፣ ከገዳም ገዳም ሊለይ የቻለው ሥርዐት ስለነበረው ነው። ግራኝ ለሆኑት ልጆች ግን የተለየ ማስተዋል ያሻል፤ ጣራውን ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ለእነርሱ መግፋት ይሆንባቸዋልና ወረቀቱን አዘንብለው እንዲይዙ መፍቀድ ይገባል።

በሲያትል አንድ መጽሐፍ ቢዘጋጅ የሚጠቅመው አማርኛ ተናጋሪውን ብቻ አይደለም። «ቐ»ን የመሰሉ ጥቂት ሆሄያት ሲታከሉበት የትግርኛ ተናጋሪዎቹም ልጆች ይማሩበታል፤ በአዋቂዎቹ መካከል ያለው የፖለቲካ ቅያሜ ለሰባት ዓመት ልጅ እርሳስ አያገባውም። መጽሐፉ በባለ ሁለት መስመር ወረቀት ይሁን፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውምና አራቱ የእንግሊዝኛ መስመሮች ግራ ያጋባሉ። የሆሄው አምሳያ ከኮምፒዩተር ሳይሆን በእርሳስ ከሚጽፍ መልካም እጅ ይወሰድ፤ እንዲህ ያለ እጅ ያላቸው ጡረተኛ መምህራን በየአጥቢያው አሉና ጊዜ ሳያልፍ ቢፈለጉ መልካም ነው። አስተማሪውም ከወረቀት እደላው ቀንሶ በሰሌዳው ላይ፣ ልጆቹ እጁን በሚያዩበት አቅጣጫ ቆሞ፣ እየተናገረ ይጻፍ።

የሚቀረን የሳድሱ ነገር ነው። ከካዕብ እስከ ኃምስ ያለው በሕግ ሲመራ፣ ሳድስ ግን «ብ» በግራው ጎን፣ «ት» በአናቱ፣ «ን» በሌላ መልክ እየተለወጠ ለየራሱ ይሄዳል። በአማርኛ ጽሕፈት ደግሞ ሳድስ ዘወትር የሚያጋጥመን ሆሄ ነው፤ ልጁ «ቤት» ብሎ ገና አንድ ቃል ሳይጽፍ ያገኘዋል። ስለዚህ የቤተሰብ ሕጉን አስተምሮ ሳድስን ለመጨረሻ ማቆየት አይቻልም። ለጊዜው ያየነው መንገድ እያንዳንዱን ሳድስ ከግዕዙ ጋር ጥንድ አድርጎ፣ በ እና ብ፣ ተ እና ት፣ ነ እና ን እያሉ በመጀመሪያው ዓመት ማስጻፍ፣ ሌሎቹን አምስት ድምፆች በሁለተኛው ማስከተል ነው። ይህ ከሌላው የተሻለ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው የልጆቹ ገጾች ቀናቸው ተጽፎባቸው ለሁለት ዓመት ያህል ተጠብቀው ጎን ለጎን ሲመረመሩ ነው። እስካሁን ገጾቹ ትምህርቱ ባለቀ ማግሥት ይጣላሉ።